እማማ ትርንጎ ሰንበት የሻሩበት ቀን

ባለፈው ክረምት ፒያሳ አንድ ካፌ ውስጥ ዝናብ ተጠልዬ ሳለ አንዲት ሴት ከጀርባዬ ስሜን ጠራችኝ። ያይነሽ ነበረች። ናታንያ ሳለሁ ካረፍኩበት ቤት በላይ ባለው ፎቅ ትኖር የነበረች ጎረቤት ናት፤ ዘመድ ልትጠይቅ ወደ ጎንደር ስታልፍ አዲስ አበባ ማደሯ ነው። ተቃቅፈን ሳንጨርስ፣ "ትርንጎ አርፋለች እኮ፤ አልሰማሽም?" አለችኝ። መቼ ብላት ከፋሲካ በፊት እንደሆነ፣ ሰባቷም ሠላሳዋም እንዳለፈ ነገረችኝ። "ደከመኝ ብላ ጋደም እንዳለች ናት" አለች። ከዚያ ስለ ልጆቿ፣ ስለ ጉልበቷ ሕመም፣ ስለ ቤት ኪራይ መወደድ አወራችልኝ። እኔ ራሴን እየነቀነቅሁ ተቀምጬ ነበር እንጂ አልሰማኋትም።

ከእማማ ትርንጎ ጋር የኖርኩት አንድ የትምህርት ዘመን ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው አውቄአለሁ፤ አስተማሪ ሆኜም ብዙ ተማሪ በእጄ አልፏል። ደፋር ሰው ሲባል ግን ዛሬም ዓይኔ ላይ ድቅን የሚሉት እሳቸው ናቸው፤ ቁመታቸው ከትከሻዬ የማያልፍ፣ ነጭ ሻሻቸውን እስከ ቅንድባቸው ዝቅ አድርገው የሚያስሩ፣ ሲቆጡ ድምፃቸው ከፍ በማለት ፈንታ ዝቅ የሚል ሴት።

በእኛ አቆጣጠር የሰማንያዎቹ ማብቂያ ግድም ነው። የኮሌጅ ተማሪ ነበርኩ፤ ለአንድ ዓመት እስራኤል ሄጄ የመስኖ እርሻ እንድማር ዕድል ደረሰኝ። የሄድኩበት ኮሌጅ ለውጭ አገር ተማሪ የሚበቃ መኝታ ስላልነበረው እያንዳንዳችንን አንዳንድ ቤተሰብ ዘንድ አስጠጋን። ጓደኞቼ ከሩሲያ ከመጡ፣ ከሞሮኮ ከመጡ ሰዎች ጋር ሆኑ። እኔ ግን፣ "አንቺ ቋንቋሽን የሚያውቁ ሰዎች ዘንድ ነሽ፤ አይከብድሽም" ተባልኩ።

ኪርያት ኖርዳው በአምድ ላይ የቆሙ፣ ቀለማቸው የተላላጠ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃዎች ሰፈር ነው። ከየመስኮቱ የታጠበ ልብስ ተሰጥቷል፤ ንፋሱ የባሕር ጨው ይሸታል። ከቤተሰብ የምታገናኘን ማኅበራዊ ሠራተኛ ሻንጣዬን አስይዛ ሦስተኛ ፎቅ አወጣችኝና በር አንኳኳች። በሩን የከፈቱት ሴት መጀመሪያ ያዩት ፊቴን አልነበረም። አንገቴን ነው። ማተቤን።

"ክርስቲያን ነሽ?"

"አዎ፣ እማማ።"

"ይች ሴት ከኢትዮጵያ የመጣች ልጅ ነው ያለችኝ። የምን ወገን እንደሆነች አልነገረችኝም" አሉ፣ ዓይናቸውን ከማተቤ ሳያነሱ።

ማኅበራዊ ሠራተኛዋ አማርኛ አታውቅም። በአገራችን ቋንቋ ስንነጋገር ስታይ ደስ አላት፤ "ተግባባችሁ አይደል?" አለችኝና ሰዓቷን አየች።

"ስምሽ ማነው?"

"መቅደስ።"

"መቅደስ" ብለው ለራሳቸው ደገሙት። "መቅደሱስ ፈርሷል። አንች ግቢ።"

ገባሁ። በዚያው ቀን የቤቱ ሥርዓት ተነገረኝ። የእኔ የሆነ አንድ ሳህንና አንድ ኩባያ ለብቻ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠልኝ፤ በሳቸው ድስት ማብሰል፣ በሳቸው ኩባያ መጠጣት አይፈቀድልኝም። ዓርብ ፀሐይ ከጠለቀች እሳትም መብራትም አይነካም፤ ቅዳሜ ምግብ ቀዝቃዛ ነው። ክፍሉ የልጃቸው የደሳለኝ ነው፤ እሱ ወታደር ስለሆነ ሳምንቱን በሙሉ አይኖርም፤ ዓርብ ሲመጣ እኔ ሳሎን ሶፋው ላይ እተኛለሁ። ይህን ሁሉ ሲነግሩኝ አልከፉብኝም፣ ፈገግም አላሉም። ትምህርት ቤት ያጸዱ ነበርና ጠዋት ከእኔ ቀድመው ይወጣሉ። ከዕብራይስጥ የሚያውቁት ሰላምታና ምስጋና ነው፤ ከሁሉ አጥርተው የሚያውቁት ግን "ሎ"ን ነበር። እምቢ ማለት ነው። በአውቶቡስ፣ በገበያ፣ በመሥሪያ ቤት "ሎ!" ሲሉ ሰው ዞር ይላል።

የወገራ ሰው ናቸው፤ የቀጥቃጭ ልጅ። አንድ ቀን ሽንኩርት እየላጡ፣ እኔን ሳያዩ፣ "አባቴ ማረሻ ሲሠራላቸው ቀን በር ድረስ መጥተው ይለምኑታል። ሲመሽ ቡዳ ነው ይሉናል። በሰፈራቸው ሳልፍ ልጅ ይሸፍኑብኝ ነበር። እናትሽ ሸፍናሽ ታውቃለች?" አሉኝ።

"እኔ አዲስ አበባ ነው ያደግሁት፣ እማማ።"

"አያትሽስ?"

አያቴ ጎንደሬ ናት። ዝም አልኩ።

"ይኸዋ" አሉና ሽንኩርታቸውን ቀጠሉ።

በአንድ ጣሪያ ሥር እንዲህ ነበርን። ባላቸው አዲስ አበባ ሆነው ወደ እስራኤል የሚወስዳቸውን ጉዞ ሲጠብቁ ሞተው እዚያው ተቀብረዋል። እሳቸው በፈረንጆቹ 1991 በተካሄደው የአውሮፕላን ጉዞ አንድ ልጃቸውን ይዘው መጡ። ደሳለኝ ያን ጊዜ ልጅ ነበር፤ እኔ ስደርስ ረጅም፣ ቀጭን፣ ዓይነ አፋር ወታደር ሆኗል። የመንግሥት ሰዎች በመዝገብ ላይ ዳኒ ብለው ጽፈውታል። እናቱ ይህን ስም አንድም ቀን ከአፋቸው አላወጡም።

መጀመሪያ ላይ ደሳለኝ ዓርብ ሲመጣ ቤቱ ይሞቅ ነበር። በዕብራይስጥ እየቀለደ ሰዋስው ያርመኛል፤ እናቱን ከኋላ አቅፎ ከመሬት ያነሳቸዋል። ከጥቂት ወራት በኋላ ቀልዱ ቀረ። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ሲያጨስ አገኘሁትና ምን ሆነሃል ብዬ ስጠይቀው፣ "አዲስ ሃምሳ አለቃ መጥቶብናል። ስሜን ጠርቶኝ አያውቅም። የሚጠራኝን ለእማ እንዳትነግሪ" አለኝ። የሚጠራው ቆዳውን በሚሰድብ ቃል እንደሆነ ገባኝ። ሌሎቹ ወታደሮች መጀመሪያ እያፈሩ፣ በኋላ ለምደውት፣ በዚያው ስም ይጠሩት ጀምረዋል።

በዚያው ክረምት ከእኛ ሕንፃ ወዲያ ያለ አንድ ወታደር ልጅ ለዕረፍት ቤቱ መጥቶ ሳለ በገዛ መሣሪያው ሞተ። ያገራችን ልጅ ነው። ሴቶቹ "ሲያጸዳው ባርቆበት ነው" ይሉ ነበር፤ ሁሉም እንዲህ ይላሉ፣ ማንም አያምንም። እማማ ትርንጎ ለቅሶ ውለው ሲመለሱ ሻሻቸውን እንኳ ሳይፈቱ ወለሉን በእጃቸው ማሸት ጀመሩ። ልርዳዎት ብላቸው "ተይኝ" አሉኝ። ንጹሑን ወለል ደግመው አሹት። ከዚያን ቀን ወዲህ ደሳለኝ ዓርብ መሣሪያውን ትከሻው ላይ አንግቶ ሲገባ ዓይናቸው ከልጁ በፊት ብረቱ ላይ ማረፉን አያለሁ።

ያች ዓርብ ስትመጣ ዝናብ ይዘንብ ነበር። ደሳለኝ በስብሶ ገባ፤ ሰላም ሳይለን ወደ ክፍሉ አለፈ። እራት ላይ ተቀመጠ፣ አልበላም። እናቱ ጠየቁት፤ "ደክሞኝ ነው" አለ። ቅዳሜ ጠዋትም እንዲያው። እማማ ትርንጎ ከጸሎት ተመልሰው ነጭ ነጠላቸውን እንደለበሱ ሳሎን ተቀመጡ። እኔ መጽሐፍ ይዤ ነበር፤ ገጹን ግን አልገለጥኩትም። ዝናቡ የመስኮቱን ቆርቆሮ ይመታል። ከክፍሉ ድምፅ የለም።

ከዚያ ቀጭ የሚል ነገር ሰማን። ትንሽ ነው። እኔ ቁም ሣጥን መስሎኝ ነበር። እማማ ትርንጎ ግን ብድግ አሉ፤ ፊታቸው አመድ መሰለ።

"የቀጥቃጭ ልጅ ነኝ" አሉ በሹክሹክታ። "የብረት ድምጥ አውቃለሁ።"

የሆነው ሁሉ በአንድ ጊዜ ገባኝ። ሰንበት ነበር። በዚያ ቀን እሳቸው ክብሪት አይነኩም፤ ቦርሳ አያነሱም፤ የበር ደወል እንኳ አይደውሉም። ጦር መሣሪያማ አይታሰብም። ተነሥቼ መንገዳቸው ላይ ቆምኩ።

"እኔ ልግባ፣ እማማ። ሰንበቱ የኔ አይደለም። እኔ ልቀበለው።"

እጃቸውን ደረቴ ላይ አድርገው ገለል አደረጉኝ። በስድስት ወር ውስጥ ሲነኩኝ የመጀመሪያቸው ነው።

"የልጀን ነፍስ በሰው እጅ አልለምንም" አሉ። "ሰንበትም እናት ናት። ትረዳኛለች።"

በሩን ሳያንኳኩ ከፍተው ገቡና መልሰው ዘጉት። መተላለፊያው ላይ ቆሜ ቀረሁ። የጮኸ ሰው የለም። የእሳቸውን ድምፅ ብቻ፣ ዝቅ ያለውን፣ ሲቆጡ የሚያወጡትን ድምፅ ሰማሁ፤ ቃሉ አይለይም። ከዚያ ጸጥታ። ከዚያ፣ "ስጠኝ" የሚል። ደግሞ ጸጥታ። ፖሊስ ልጥራ አልጥራ እያልኩ፣ ስልኩን እያየሁ፣ ከቆምኩበት መንቀሳቀስ ግን አልቻልኩም። "ስጠኝ ልጀ። ያሳደገህ እጅ ነው፤ ስጠኝ።"

በሩ ሲከፈት ጠመንጃውን በሁለት ክንዳቸው እንደተኛ ሕፃን ታቅፈው ወጡ። ወደ መኝታቸው ገብተው ፍራሹ ሥር አስገቡት፤ ጥይቱን ጓዳ የጤፍ ጣሳ ውስጥ ቀበሩት። ከዚያ ተመልሰው የደሳለኝን ክፍል በር ወለል አድርገው ከፈቱና ደፉ ላይ ተቀመጡ። እሱ አልጋው ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። ፀሐይ እስክትገባ ከዚያ አልተነሡም።

"ምን አይተው ነው?" አልኳቸው እዚያው እንደተቀመጡ።

"ሰንበት ነው። ክፉ አይወራም።"

እሑድ ማለዳ ደሳለኝ ወደ ጦር ሰፈሩ መመለስ አለበት። ልብሱን ለብሶ ጫማውን አስሮ መጣና መሣሪያውን ጠየቀ።

"አልሰጥህም። አብሬህ ሂጀ ላለቃህ ነው የምሰጥ።"

"እማ፣ ወታደር መሣሪያውን ከእጁ ካወጣ ይታሰራል። መቅደስ፣ ንገሪያት! ኬሌ ነው የሚያስገቡኝ።" ኬሌ የሚሉት እስር ቤቱን ነው።

"ኬሌ በር አለው" አሉ እማማ ትርንጎ። "መቃብር በር የለውም።"

ደሳለኝ አንገቱን ደፋ። እሳቸው ጠመንጃውን በጋቢ ጠቀለሉት። እኔን አዩኝ፤ "ዕብራይስጥ ታውቂያለሽ፤ ትከተይኛለሽ። ግን አንች የሰው አገር ሰው ነሽ፤ ከዚህ ዕቃ እጅሽን አርቂ። እኔ ያልሁትን ብቻ ትያለሽ። አትጨምሪ፣ አታጣፍጪ።"

የዚያን ዘመን አውቶቡስ የተሳፈረ ያውቀዋል። ቦምብ በየከተማው ይፈነዳ ነበርና ሰው ሲሳፈር አስቀድሞ የሰውን ቦርሳ ነው የሚያየው። እኛ የተቀመጥነው መሐል ላይ ነው፤ እማማ ትርንጎ በመስኮት በኩል፣ ጋቢውን ጭናቸው ላይ አጋድመው፤ ደሳለኝ ከጎናቸው ባዶ እጁን፤ እኔ ከኋላቸው። ናታንያን ለቀን ወደ ሐዴራ መንገድ እንደገባን አውቶቡሱ ተንገጫገጨና የጋቢው ጫፍ ተገለጠ። አፈሙዙ ወጣ።

ከማዶ የተቀመጠ ሰውዬ ብድግ ብሎ ጮኸ። አንዲት ሴት ልጇን እየጎተተች ወደ ኋላ ሮጠች። ሾፌሩ ዳር ይዞ ቆመና ከወንበሩ ተነሣ።

"ምንድነው የያዘችው?"

"የልጇ ነው" አልኩ። "ወታደሩ ይኸውና። ጥይት የለበትም። ወደ ጦር ሰፈሩ እየመለስነው ነው።"

"ታዲያ ለምን እሱ አይዘውም? አንተ! መሣሪያህን ያዝ!"

አውቶቡሱ በሙሉ ደሳለኝን አየ። ጆሮው ቀልቶ፣ ላብ በአንገቱ እየወረደ፣ እጁን ወደ ጋቢው ዘረጋ። እናቱ አልለቀቁም። እሱ ያዘ፣ እሳቸው ያዙ። ለቅጽበት እናትና ልጅ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አንድ ብረት በሁለት ወገን ጨብጠው ቀሩ።

"ሎ" አሉ እማማ ትርንጎ። ለልጃቸው ይሁን ለሾፌሩ አላወቅሁም። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ "እንወርዳለን በይው" አሉኝ።

መንገድ ላይ ወረድን። የቀረውን፣ በብርቱካን እርሻ መሐል፣ በእግራችን ሄድነው። እሳቸው ጋቢውን ትከሻቸው ላይ ተሸክመው ከፊት፤ ደሳለኝ ከኋላቸው ራቅ ብሎ፤ እኔ መሐል። ዝናቡ ቆሞ ፀሐይዋ ትፋጅ ጀምራለች። አንድ ጥላ ሥር ሲቆሙ ከንፈራቸው ደርቆ አየሁ። የውሃ ኮዳዬን አውጥቼ፣ የጠጣሁበት መሆኑ ትዝ ሲለኝ፣ እጄን መለስኩት። እሳቸው ግን ተቀብለውኝ አፋቸው ላይ አድርገው ጠጡ።

በር ላይ ያለው ዘበኛ ሊያስገባን እምቢ አለ። ደሳለኝን ብቻ ግባ አለው። እማማ ትርንጎ የልጃቸውን እጅጌ ይዘው፣ "አለቃው ካልመጣ አይገባም" አሉ፤ ተረጎምኩ። ዘበኛው ሳቀ። በመጨረሻ ሬዲዮውን አነሣ። የመጣው አንድ ሻምበል ነው፤ ጺሙን ያልተላጨ፣ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ ሰው። ጋቢውን አየ፣ ደሳለኝን አየ፣ ሦስታችንንም ወደ ቢሮው አስገባን። አልተቀመጠም፣ ቁጭ በሉም አላለን።

"መሣሪያው እሷ ዘንድ ምን ይሠራል? ይህ ቀላል ጥፋት እንዳልሆነ ልጇ ያውቃል። ንገሪያት።"

ነገርኳቸው።

"ከጁ የወሰድሁት እኔ ነኝ። የሚታሰር ካለ እኔን ይሰር።"

ነገርኩት። ሻምበሉ በትዕግሥት ማጣት ጭንቅላቱን ወዘወዘ። "ለምን? ለምን ወሰደችው?"

ይህን ስተረጉም እማማ ትርንጎ ወደ ልጃቸው ዞሩ። ረጅም ጊዜ አዩት። ደሳለኝ ሊናገሩ የፈለጉትን ከፊታቸው አነበበው መሰለኝ፣ ሻምበሉ እንዳይሰማ በአማርኛ፣ በጥድፊያ፣ "እማ፣ እንዳትናገሪ። እብድ ብለው ይጽፉብኛል። ከዚያ ሥራ የሚሰጠኝ የለም። ሾፌር እንኳ አልሆንም። መቅደስ፣ አትተርጉሚው!" አለ።

"ቅዳሜ ዕለት" አሉ እማማ ትርንጎ፣ በዚያ ዝቅ ባለ ድምፃቸው፣ "አፈሙዙን ወደ ራሱ አዙሮ አገኘሁት። በይው።"

"እማ፣ በሞቴ!" አለ ደሳለኝ። "በሞቴ!"

"በሞትህ አትለምነኝ" አሉ። "አይቸዋለሁ። ሞትህን በዓይኔ አይቸዋለሁ። በሱ አትለምነኝ።"

ሻምበሉ ከአንዳችን ወደ አንዳችን ያያል። "ምን አለች?" አለኝ።

ደሳለኝ እኔን እያየ ነበር። ወንድሜ የሚሆን ልጅ ነው፤ ሰዋስው ያረመኝ፣ በሳቁ ቤቱን ያሞቀው። ከተናገርኩ መንገዱን እዘጋበታለሁ። ካልተናገርኩ ደግሞ ይህ ሰው ቀጥቶ፣ ጥፋቱን ጽፎ፣ ጠመንጃውን መልሶ ያስይዘዋል። እማማ ትርንጎ አልገፋፉኝም። ያሉትን ብለዋል፤ ቀሪው አፌ ውስጥ ነው።

ተናገርኩ። አፈሙዝ የሚለውን ቃል በዕብራይስጥ አላውቀውም ነበርና ጣቴን አገጬ ሥር አድርጌ አሳየሁት።

የሻምበሉ ፊት ተለወጠ። ቀስ ብሎ ሄዶ በሩን ዘጋ። ጋቢውን ከእማማ ትርንጎ ክንድ በሁለት እጁ ተቀበለና ሣጥን ከፍቶ ቆለፈበት። ከዚያ ወንበር ስቦ ደሳለኝን አስቀመጠውና እፊቱ ቁጢጥ አለ፤ አለቃው ከሱ ዝቅ ብሎ። በዝግታ አንድ ነገር ጠየቀው። ደሳለኝ እንደ ትንሽ ልጅ አለቀሰ። እማማ ትርንጎ አልቀረቡትም። ግድግዳውን ተደግፈው ቆመው ነበር።

በመኪና ሐኪም ቤት ወሰዱት። ስሙን የማይጠራው ሃምሳ አለቃ ከዚያ መነሣቱን ኋላ ሰማን፤ ለምን እንደተነሣ ግን የነገረን የለም። ደሳለኝ ከሳምንታት በኋላ ከሠራዊቱ ተሰናብቶ ቤት መጣ። የፈራው አልቀረም፤ ወረቀቱን ያየ ቀጣሪ ሁሉ ፊቱን ያዞር ነበር። ለእናቱም ለእኔም ቃል አልተነፈሰም። ለእኔ አለመናገሩን ቻልኩት። እናቱን ግን አንድ ቤት ውስጥ፣ አንድ ገበታ ላይ፣ እንደሌሉ ያልፋቸው ነበር። ሲጠሩት አይዞርም። የሰጡትን ምግብ ከወጡ በኋላ ይበላል።

ሰፈሩም አልማራቸውም። ከሕንፃው ሥር በዛፉ ጥላ የሚቀመጡ ሴቶች፣ "እናት ልጇን አሳልፋ ለወታደር ትሰጣለች? ስሙን አስጠፋችው" ይሉ ነበር። አንዷ ይህን ፊት ለፊት አለቻቸው። ያይነሽ ነገሩን ልታበርድ ስትሞክር እማማ ትርንጎ ዘንቢላቸውን መሬት አስቀምጠው፣ "አሳልፌ ሰጥቸ ተቀበልሁት። ያንች ልጅ እቤትሽ ነው ያለ፤ እስቲ ምን እንደሚያስብ ታውቂያለሽ?" አሏት። ደረጃውን ሲወጡ ግን ሦስት ጊዜ ቆሙ።

"ይጠላዎታል እኮ እማማ" አልኳቸው አንድ ቀን። አዝኜላቸው ነው፤ ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የከፋኝ።

"ይጥላኝ" አሉ። "በሕይወት ሁኖ ይጥላኝ። የሞተ ልጅ አይጠላም።"

ክረምቱ አለፈ። ደሳለኝን በክፋር ዮና በኩል አንድ አበባ የሚያመርት ሰው ወረቀት ሳይጠይቅ ቀጠረው፤ ማለዳ ይወጣል፣ ማታ አፈር አፈር ሸቶ ይመለሳል። ቀስ በቀስ ሥጋ ያዘ። ዛሬ ትዳር ይዞ ልጆች ወልዷል፤ በዚያ ጊዜ ግን ይህን ማን ይገምታል። እኔ የምመለስበት ቀን እየቀረበ ነበር፤ ሁለቱን እንዲህ ተኳርፈው ጥያቸው ልሄድ ነው እያልኩ እጨነቃለሁ።

አንድ ዓርብ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ሦስታችን ገበታ ቀረብን። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የሰንበቱን ዳቦ የሚባርኩት ራሳቸው ናቸው። ዳቦውን በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ። "ይትባረክ እግዚአብሔር አምላከ እስራኤል" አሉ፤ ቀጠሉ፤ ጨረሱ። ሁልጊዜ እዚህ ላይ ጸጥታ ነበር የሚሆነው፤ አሜን የሚለው ሰው አፉን ከዘጋ ወራት ሆኖታል።

"አሜን" አለ ደሳለኝ።

ሰሃኑን እያየ ነው ያለው። ድምፁ ጎርንኖ፣ ከቆየ ጉድጓድ የወጣ ይመስል ነበር። እማማ ትርንጎ ዓይናቸውን ገለጡ፣ ዳቦውን ቆረሱ፣ ለእሱ ሰጡ፣ ለእኔ ሰጡ፣ ለራሳቸው ወሰዱ። ፊታቸው ላይ አንድም ነገር አልተለወጠም። ትንሽ እንደበሉ ጨው ረሳሁ ብለው ወደ ጓዳ ተነሡ። ጨው ገበታው ላይ ነበር። ተከተልኳቸው።

መደርደሪያውን ይዘው ቆመዋል፤ እንባቸው በአገጫቸው ይወርዳል።

"ሰማሽ?" አሉኝ በሹክሹክታ።

"ሰማሁ፣ እማማ።"

"እኔ አልሰማሁም። ቢጠይቅሽ አልሰማችም በይው። ከሰማሁ ያፍራል፤ ካፈረ ተመልሶ ይዘጋል።"

ፊታቸውን በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉ፤ ትንፋሻቸው እስኪረጋ ጠበቁ፤ ከዚያ ምንም እንዳልሰማ ሰው ወደ ልጃቸው ተመለሱ።